የእናቴ ጠላ በጎረቤት ፍሪጅ

እናቴ አዳማ የመጣችው ለጉልበቷ ነው። ሰሜን ሸዋ፣ ውርጩ የጓሮ ጎመን አቃጥሎ በሚያድርበት ደጋ ስትኖር ብርድ ጉልበቷ ውስጥ ገባና ከመቀመጫዋ ለመነሣት ግድግዳ መደገፍ ጀመረች። ሐኪሙ «ሞቃት አገር ይስማማዎታል» ሲላት አጠገቧ ነበርኩ። ቃሉ ከአፉ ሳይወርድ ቀለብኩትና ወደ ቤቴ ይዣት መጣሁ። ሙቀት ከተፈለገ አዳማ አይሰስትም። ጉልበቷም ብዙ ሳይቆይ ተፍታታ።

ከጉልበቷ በቀር ግን ምኗም አልተስማማም። ነፋሱ አቧራ አዝሎ በመስኮት ሲገባ መጥረጊያዋን ይዛ «ይሄ አገር ሰው ቤቱን እንዳይጠርግ ነው እንዴ የሚፈልገው?» ትላለች። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከላያችን አራተኛ ፎቅ አለ። ይህን ጨርሶ ልትቀበለው አልቻለችም። «ሰው አናቴ ላይ እየተራመደ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?» ትለኛለች። ከዚያ ለጥ ብላ ትተኛለች።

የመጣችበት ትልቅ ጥቁር ሻንጣ ከበሩ ጀርባ እንደቆመ ቀረ። ባለቤቴ የቁምሳጥኑን ግማሽ ባዶ አድርጋ ብትሰጣት «እግዜር ይስጥሽ» አለቻትና አንድ ነጠላ እንኳ አልሰቀለችበትም። ልብሷ ታጥቦ ሲደርቅ አጥፋ መልሳ ሻንጣው ውስጥ ትከተዋለች። እኔ ከሥራ በገባሁ ቁጥር በሩ ሻንጣውን ኳ! አድርጎ ይገጨዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያበሳጨኝ ነበር። ኋላ ላይ ግን ድምፁን ስሰማ «አለች» እያልኩ ጫማዬን ማውለቅ ለመድኩ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ እንዲህ አለችን፦ «ልደታን ያለ ጠላ ውዬ አላውቅም። ጠላው እዚህ ከሆነልኝ ከናንተው ጋር እውላለሁ። ካልሆነልኝ አገሬ እገባለሁ። ከገባሁ ደግሞ ገባሁ ነው፣ ሂድና አምጣት የለም።»

የግንቦት ልደታ ጎረቤት ሁሉ ያለውን ይዞ ደጅ ወጥቶ አብሮ የሚበላበት፣ አብሮ የሚጠጣበት ቀን ነው። እናቴ በአገሯ ለዚያ ቀን ጋን ሙሉ ጠላ ሳትጠምቅ ያለፈችበት ዓመት የለም። ስለዚህ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። አገሯ ባለው ቤቷ ውስጥ ከእሷ ሌላ ማንም የለም፤ እኔ አንድ ልጇ ነኝ። ክረምት ላይ ወድቃ ብትቀር ጎረቤት የሚጠረጥረው ከጣሪያዋ ጭስ ሲጠፋ ነው። እንድትሄድብኝ አልፈልግም ነበር። ለጉልበቷ ብቻ ብዬ ነው ካልኩ ደግሞ ዋሸሁ። ጎልማሳ ሆኜም ማታ በር ስከፍት «በላህ?» የሚለኝ ሰው ደስ ይለኛል።

እኔ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። መቂና ዓለም ጤና እየተመላለስኩ የሽንኩርት ገበሬዎችን ሞተር እሠራለሁ። በዚያው አንድ ሾፌር ወዳጄን ለምኜ ከአርሲ ነገሌ ገበያ ጥሩ ገብስ አስመጣሁላት። ብቅሉን በረንዳችን ላይ ዘርግታ ስታደርቅ ፀሐዩን ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገነችው። ጌሾውን መርጣ ገዛች። የቸገረው ዕቃው ነበር። በእኛ ደረጃ ታጥፎ የሚወጣ ጋን ከየት ይምጣ? ሰማያዊ የላስቲክ በርሜል ገዛሁላት።

እናቴ ጠላ ዕቃው በወይራ ጭስ ካልታጠነ ጠላ ነው ብላ አታምንም። እኛ ሥራ በዋልንበት ቀን በረንዳው ላይ የወይራ ፍም አዘጋጅታ በርሜሉን አፉን ደፋችበት። ሸክላ ቢሆን ጭሱን ጠጥቶ ቁጭ ይል ነበር። ላስቲኩ ግን ሟሸሸ። ስንመለስ በርሜሉ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ወደ አንድ ጎኑ ተጣሞ ቆሟል። እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ምንም እንዳላጠፋች ሆና፣ «ይሄ ዕቃ ጤነኛ አይደለም» አለችን። እስከ ዛሬ ልብስ እንዘፈዝፍበታለን።

ሁለተኛውን በርሜል በግራዋ ቅጠል አሽታ አጠበችውና ጠነሰሰች። ከጥንስሱ እስከ መክደኛው ሁሉንም ያደረገችው እንደ አገሯ ነው። ቀኑንም የቆጠረችው እንደ አገሯ ነው። ደጋ ላይ ጠላ ረጋ ብሎ፣ ብርዱን እየታገለ ነው የሚደርሰው። አዳማ ላይ ግን እናቴ ገና ስትቆጥር ጠላው ደርሶ፣ አልፎ ሄዷል። ከፍታ አንድ ጉንጭ ቀመሰችና ዓይኗ ተጨፈነ። «ሰላጣ ላይ አድርጉት» አለች። ከዚያ ሄዳ ሻንጣዋን ዘጋችው። ክፍት ስለነበረ እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም ለማለት ይመስላል፤ ዚፑ ሲዘጋ ግን ሁላችንም ሰማነው።

ባለቤቴ የአዳማ ልጅ ናት። አጠገቧ ቁጭ አለችና «እማማ፣ እዚህ ቀን አይቆጠርም፤ ይሸተታል። እንደገና እንጀምር፣ እኔም አብሬዎት አሸታለሁ» አለቻት። እናቴ ትንሽ ከተግደረደረች በኋላ እሺ አለች። ልደታ ግን ገና ነበር። «ቀደም ብዬ ልጥመቀው» አለች፤ «ከተበላሸ ለመንገዴ ጊዜ እንዲኖረኝ።»

እናቴና ባለቤቴ ጠዋትና ማታ በርሜሉ ላይ እየጎነበሱ ማሽተት ያዙ። አንድ ቀን ጠዋት ቀና ብለው ተያዩ፤ ደርሷል። ቀመስኩት። ጠይም፣ ለስለስ ያለ፣ ጌሾው ከኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ የልጅነቴ ጠላ ነበር። ደስታችን ግን ከቁርስ አላለፈም። ልደታ ሳምንት ሙሉ ቀርቶታል፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ በማግስቱ ሊቆመጥጥ ይችላል።

«ጠርሙስ ውስጥ እናሽገው» ያልኩት እኔ ነኝ። የምኮራበት ሐሳብ ስለነበር እዚህ ላይ የሌላ ሰው ስም አልጠራም።

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ስብሰባ ባለበት ባዶ የውሃ ጠርሙስ አይጠፋም፤ ባለቤቴ ደግሞ የምትሠራው ሆቴል ውስጥ ነው። ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ የላስቲክ ጠርሙስ ከነክዳኑ ይዛ መጣች። እሷ በሙቅ ውሃ ታጥባለች፤ እናቴ በንጹሕ ሻሽ ታጠላለች፤ እኔ የአንዱን ጠርሙስ አናት ቆርጬ በሠራሁት ማንቆርቆሪያ እሞላለሁ። ወጥ ቤቱ ወለል ረጠበ፣ እግራችን ተጣበቀ፤ እናቴም ያለወትሮዋ ማንጎራጎር ጀመረች። አተላው ላይ ስደርስ እጄን በማንኪያ መታችኝ። «ከታች ያለውን አትንካ፤ የላይኛውን ብቻ» አለች። የሞላውን በብርሃን አንሥታ ታየዋለች፤ ካማራት ትስመዋለች።

ክዳኑን ሳጠብቅ ግን ፊቷ ተለወጠ። «አነቅኸው እኮ!» አለች። «ጋን እንኳ በጭቃ ተመርጎ ወዙን በጎኑ ያወጣል። ይሄ በየት በኩል ያወጣል?»

«እማዬ፣ ጋዙ አይውጣ እንጂ! እንደ ለስላሳ ፉት ሲሉት ምላስ ይቆነጥጣል» አልኳት፤ አሁንም አጠበቅሁት። የፓምፕ ጠጋኝ እጅ ነው፤ ያጠበቀውን ሌላ ሰው አይፈታውም። የማውቀው ነገር ቢኖር ግፊት ነው፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ሆኖም ሐሳቤን ስለወደድኩት ዕውቀቴን ሜዳ ላይ ጥዬው ሄድኩ።

በማግስቱ እሑድ ነበርና ሁላችንም ቤት ነን። ጠርሙሶቹ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተደርድረዋል። ጠዋት ሳያቸው እንደ እግር ኳስ ደርቀዋል። ረፋዱ ላይ ቂጣቸው አብጦ መቆም አቃታቸው፤ አንዱ በራሱ ጊዜ ወደቀና ተንከባሎ ማቀዝቀዣው ሥር ገባ። እናቴ «እኔ የለሁበትም» ብላ ሳሎን ተቀመጠች። ምሳ ልትሠራ ወጥ ቤት እንደገባች ግን የመጀመሪያው ፈነዳ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ መቁጠር ተውን።

ሕንጻው በሙሉ ደረጃ ላይ ወጣ። ምድር ቤት የሚኖሩት የአየር ኃይል ጡረተኛ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞተር ሲያዳምጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ፣ አንድ እግራቸው ባዶ ሆኖ «ትራንስፎርመር ነው! ቆጣሪ አጥፉ!» እያሉ ወደ ላይ ይሮጣሉ። ከላያችን የሚኖረው ወንደላጤ የባንክ ሠራተኛ ፊቱ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ወረደ። የእኛ ጠላ ደግሞ ከወጥ ቤት ወጥቶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ የፊት ለፊቷን ጎረቤታችንን ምንጣፍ አራሰ።

እናቴ ከሻሿ እስከ እግሯ ጠላ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመች። አንገቷን ደፋች። ጎረቤታችን ሙስሊም ናት፤ ባሏም ጥንቁቅ ሰው ነው። «የሰው ደጅ አረከስኩ» አለች እናቴ። «ነገ እሄዳለሁ። ልጄ፣ ነገ ትሸኘኛለህ።» ያኔ ሆዴ ባባ። በጠላው አይደለም፤ አሮጊት እናቴን በራሴ ጉራ ሰው ፊት ስላሳፈርኳት ነው።

ጎረቤታችን ምንጣፏን በሁለት ጣቷ አንሥታ አየችው። ከዚያ መወልወያዋን ይዛ መጣች። «አካም ጅርቱ፣ እማማ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻት። «ምንጣፍ ይታጠባል። እርስዎን ግን አልነካዎትም? ዓይንዎ ውስጥ አልገባም?» አለችና የእናቴን ፊት በራሷ ሻርፕ ጠረገች። ጡረተኛው ደግሞ ግድግዳው ላይ የሚወርደውን በጣታቸው ቀመሱና «እናንተ ሰዎች፣ ይሄን የመሰለ ጠላ ነው ለወለል የምታጠጡት?» አሉ። ደረጃው በሳቅ ተናጋ። እናቴም ሳትወድ ሳቀች።

የተረፉት ጠርሙሶች ከግማሽ በላይ ነበሩ። ባለቤቴ አንድ በአንድ ክዳናቸውን ፈታ እያደረገች አስተነፈሰቻቸው። የሚያድናቸው ብርድ ነው፤ የእኛ ማቀዝቀዣ ደግሞ ሽንኩርትና ወጥ ሞልቶታል። «የኔ ባዶ ነው፣ አምጡት» አሉ ጡረተኛው። «የኔ ደግሞ ሁልጊዜ ባዶ ነው» አለ ወንደላጤው። ጎረቤታችን ትንሽ አሰበችና «ጠላ ቤቴ አላስገባም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻት ለእናቴ። «ግን ለልደታ እኔም ከእናንተ ጋር ደጅ እቀመጣለሁ። ጌሾ ያልነካው ቀሪቦ ይሥሩልኝ፣ እሱን እኔ ፍሪጅ አስቀምጣለሁ።» እናቴ ይህን ስትሰማ ቀና አለች። ሥራ ያዘዛት ሰው አገኘች ማለት ነው።

ነገ እሄዳለሁ ያለችው ነገ መጣ፤ እናቴ ግን ሥራ በዝቶባት አልሄደችም። የሚጠመቅና ጠርሙስ የሚገባ ቀሪቦ አለ። ጠርሙሶቹ አሉ። ብርድ ውስጥም ቢሆኑ እያበጡ ስለሚያስቸግሩ ጠዋትና ማታ ክዳናቸውን ፈታ አድርጎ መመለስ ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ለሌላ ሰው አታምንም። ቁርሷን በልታ ነጠላዋን ታጣፋና ትወጣለች። መጀመሪያ ፊት ለፊት፣ ከዚያ ምድር ቤት ወርዳ ጡረተኛው ጋ፣ ከዚያ አራተኛ ፎቅ። ደረጃ ሲነሣ ጉልበቷን ይዛ የምታማርር ሴት! ከባለቤቴ የተማረችውን «አካም ቡልቴ» ይዛ በር ታንኳኳለች፤ እንዴት አደርሽ ማለት ስለሆነ ለጠዋት ብቻ መሆኑን ነግረናታል፤ እሷ ግን ማታም «አካም ቡልቴ» ናት። ጎረቤታችን እየሳቀች «ነጋ፣ ነጋ»፣ ማለትም ሰላም፣ ብላ ታስገባታለች። ሁለት ደቂቃ ለማይፈጅ ጠርሙስ አንድ ሰዓት ትቆያለች።

ጡረተኛው ጨው እንዳይበሉ ተከልክለው ደብቀው እንደሚበሉ ደረሰችበት። የጎረቤታችን ባል በጎ ሰው መሆኑን አረጋገጠች። አንድ ማታ ደግሞ ጣሪያውን እያየች ቁጭ ብላ አገኘኋት። «ልጁ ዛሬ አልተራመደም» አለችኝ። «አሞት ይሆን?» ወንደላጤው መስክ ወጥቶ ነበር። እስኪመለስ ድረስ እንቅልፍ እንቢ አላት።

ይህን ሁሉ እያየሁ ምንም አልገባኝም። የልደታ ዋዜማ ጠዋት ወደ ዓለም ጤና ልሄድ ስነሣ ጉልበቷን ስታሽ አየኋት። አዘንኩና እንደገና ሐሳብ መጣልኝ። መርፌ በእሳት አግዬ የጥቂት ትርፍ ክዳኖችን አናት በሳሁ። «ይኸው፣ በዚህ በኩል በራሱ ይተነፍሳል። ማታ ሁሉንም እበሳልሻለሁ። ከእንግዲህ ደረጃ መውጣት የለም፤ ሰው ቤትም መንከራተት የለም። ቁጭ ብለሽ ትውያለሽ» አልኳት። ክዳኑን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «ደግ» አለች። እናቴ ስትቆጣ ትናገራለች፤ ስትከፋ ግን «ደግ» ትላለች። መኪና ውስጥ ገብቼ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ነው ያ «ደግ» የቆረቆረኝ።

ፓምፑን ጠግኜ፣ ገበሬው የሸለመኝን ሽንኩርት ይዤ ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። በሩን ገፋሁት። ኳ አላለም። እስከ ጥጉ ተከፍቶ ግድግዳውን መታው።

ሻንጣው የለም።

«እማዬ!» አልኩ። መኝታ ቤት የለችም። በረንዳ የለችም። ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ ትራሷ ሥር ጮኸ። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ፤ «ስወጣ ቤት ነበሩ» አለችኝ። ሽንኩርቱን በሩ ላይ ጥዬ ወረድኩ፤ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ «መነኸሪያ! ቶሎ!» አልኩ። የአዲስ አበባ መኪናዎች ተራ ላይ እየሮጥኩ በየመስኮቱ አንገቴን አስገባሁ። አንዱን ረዳት «ነጭ የለበሱ፣ ትልቅ ጥቁር ሻንጣ የያዙ እናት አላየህም?» ብዬ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ነገ ልደታ ነው፤ እናቶች ሁሉ ነጭ ለብሰዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። የቆመ መኪና ሁሉ በነጭ ነጠላ ተሞልቷል፤ አንዷም እናቴ አይደለችም። ብቻዋን መንገድ አታውቅም። ስልክ የላትም። ያን የተበሳ ክዳን እያሰብኩ፣ ራሴን እየረገምኩ ተመለስኩ።

ግቢያችን ገብቼ ደረጃውን ስጀምር ከላይ የሚጎተት ነገር ሰማሁ። ዷ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ዷ። እናቴ አንደኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ሻንጣዋን በሁለት እጇ ይዛ ደረጃ በደረጃ ታወርደዋለች። ዚፑ ግማሽ ተከፍቷል። ውስጡ ጠርሙስ ነው፤ ጠላ በአንድ ወገን፣ ቀሪቦ በሌላ ወገን፣ እንዳይደባለቁ መሐላቸው ፎጣ ገብቷል።

«የት ጠፍተህ ነው?» አለችኝ። «ነገ ደጅ ስለምንውል ሁሉንም ምድር ቤት ልሰብስበው ብዬ በየቤቱ ስለቅም ነበር፤ ታች ያሉት ጋሼ ፍሪጃቸውን ሙሉ ለቀውልኛል። ያን የበሳኸውን ክዳን ደግሞ ጣልኩት። ምን ይሠራልኛል? የሰው ደጅ ልትዘጋብኝ ነው እንዴ?»

«ልብስሽስ?» አልኳት።

«የቱ ልብሴ?»

«ሻንጣው ውስጥ የነበረው።»

«ቁምሳጥን ውስጥ ነዋ!» አለች፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። «ዓመት ሙሉ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ የሚኖር ልብስ አለ እንዴ? ሚስትህ ቦታ ሰጥታኝ የለ።»

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ጎልማሳ ሰውዬ፣ የፓምፕ ጠጋኝ፣ ልብሴ ሁሉ ግራሶ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እናቴን ግራ ሲገባት አይቻት አላውቅም፤ አሁን ግን ግራ ገባት። እጇን አናቴ ላይ አሳረፈች፤ የጠርሙሱ ብርድ እጇ ላይ ነበር።

«በላህ?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ፤ አልበላሁም።

«በል ተነሥና ሻንጣውን ያዝልኝ» አለች። «አራተኛ ፎቅ የቀረውን ገና አላወረድኩም።»